ኢኮኖሚክስ እየተማሩ ማሰብን ለመማር የትኛው መንገድ ይሻላል? አምስት አማራጮች በንጽጽር

የኮርስ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ከተማሪዎች የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ኢኮኖሚክስ እየተማርኩ ነው። ግን እያሰብኩ ሳይሆን እየሸመደድኩ እንደሆነ ይሰማኛል። ምን ብወስድ ይሻለኛል?»

ምርጫውን የሚያከብደው ሁሉም ኮርስ ያንኑ ቃል መግባቱ ነው። የመግቢያው ኮርስ «ሂሳዊ አስተሳሰብን ያዳብራል» ይላል። ኢኮኖሜትሪክሱም (የኢኮኖሚ ዳታን በስታቲስቲክስ የሚመረምረው ኮርስ) ያንኑ ይላል። የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ታሪክም፣ ሎጂክም እንዲሁ። ኮርስ አውትላይን አንብቦ መለየት አይቻልም።

ሂሳዊ አስተሳሰብ ስል ነገር ሁሉ መቃወም ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው «ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው» ሲል ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ሳይነገር የታለፈው ታሳቢ የቱ እንደሆነ፣ ነገሩን ሌላ ምን ሊያብራራው እንደሚችል መጠየቅ ማለቴ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በራስ ሐሳብ ላይ ማንሳትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው።

ኮርስ መውሰድ ብቻውን ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፖል ፌራሮና ላውራ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለተገኙ 199 ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው እንዲህ ነው።

የኤሪክ ክላፕተን ኮንሰርት ትኬት በነፃ ደረሳችሁ። ትኬቱ ለሌላ ሰው አይሸጥም። በዚያው ምሽት ቦብ ዲላንም ይዘፍናል፤ ክላፕተንን ባታዩ የምትሄዱት ወደ እሱ ነው። የዲላን ትኬት 40 ዶላር ነው። እናንተ ግን ዲላንን ለማየት እስከ 50 ዶላር ብትከፍሉ አይቆጫችሁም። ሌላ ምንም ወጪ የለም። ክላፕተንን የማየት ኦፖርቹኒቲ ኮስት ስንት ነው? 0፣ 10፣ 40 ወይስ 50?

ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት እስቲ መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ኦፖርቹኒቲ ኮስት ማለት አንዱን ስትመርጡ ከቀሩት አማራጮች የምትተዉት የምርጡ አማራጭ የተጣራ ጥቅም ነው። ዲላን ጋ ብትሄዱ ለእናንተ 50 ዶላር የሚያወጣ ምሽት ታገኛላችሁ፤ 40 ትከፍላላችሁ። የሚተርፋችሁ 10 ነው። ክላፕተንን ስትመርጡ የሚያመልጣችሁ እሱ ነው። መልሱ 10 ዶላር ነው ማለት ነው። ይህን የመለሱት ባለሙያዎች 21.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዓይንን ጨፍኖ ከአራቱ አንዱን መምታት እንኳ በአማካይ 25 በመቶ ያስገኛል።

ተማሪዎችም ተጠይቀው ነበር። የኢኮኖሚክስ ኮርስ ከወሰዱት መካከል 7.4 በመቶው ትክክለኛውን መረጡ። ጭራሽ ካልወሰዱት ግን 17.2 በመቶው። ኮርሱን የወሰዱት ባሱ!

ጥያቄው ራሱ አሻሚ ነው ብለው የተከራከሩ ኢኮኖሚስቶች በኋላ ተነስተዋል። ክርክራቸው ውሃ ያነሳል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ትርጉሙን በቃል ማወቅና ሐሳቡን በአዲስ ጉዳይ ላይ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን በራሴም አይቼዋለሁ። በአንደኛ ዓመቴ የኤላስቲሲቲን (ዋጋ ሲቀየር የሚገዛው መጠን ምን ያህል እንደሚቀየር የሚለካውን) ቀመር ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እንኳ እወጣው ነበር። አንድ ቀን መምህራችን «ቀመሩን ተወውና፣ ዋጋውን የምትወስነው አንተ ብትሆን ከመጨመርህ በፊት ስለ ገዢዎችህ ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ለፈተና የተዘጋጀሁት ቀመሩን እንድጽፍ እንጂ እንድጠይቅበት አልነበረም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው፦ በሴሚስተሩ ውስጥ ምን ታስረክባላችሁ? ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው። ሚድ እና ፋይናሉ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ብቻ ከሆነ፣ መምህሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ተማሪው መቸከሉ አይቀርም። ሁለት ገጽ መከራከሪያ ጽፋችሁ የምታስረክቡ ከሆነ ግን ሐሳባችሁን ማቆም አለባችሁ። ስለዚህ አውትላይኑን ስታገኙ ከዓላማው አትጀምሩ። በቀጥታ ወደ ምዘናው ክፍል ሂዱ።

ሁለተኛው፦ ሥራችሁን አንብቦ «ይሄ ከየት መጣ?» የሚላችሁ ሰው አለ? ይህ በኮርሱ ስም አይታወቅም። የክፍሉ ብዛትና የመምህሩ ልማድ ናቸው የሚወስኑት። ቀደም ብለው የወሰዱ ተማሪዎችን «አሳይንመንታችሁ ሲመለስ አስተያየት ተጽፎበት ነበር ወይስ ቁጥር ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጧችሁ መልስ ከማንኛውም የኮርስ መግለጫ በላይ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው፦ መሳሳታችሁን የሚያሳያችሁ ምንድነው? የመልስ ወረቀት ነው? ዳታ ነው? ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ጽሑፍ ነው? ወይስ ማንም የለም?

አራተኛው፦ የተማራችሁት ነገር ከክፍሉ በር ይወጣል? ዜና ስትሰሙ፣ ሥራ ስትገቡ፣ የራሳችሁን ገንዘብ ስትወስኑ ይታወሳችኋል?

የመጨረሻው ወጪ ነው፦ ሰዓት፣ የሒሳብ ዝግጅትና ገንዘብ። ውጤትን ወይም ግሬድን መመዘኛ አላደረግኩትም። ስኮላርሺፕ ላይ ላሉ ግን ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ ከታች ምክሩ ጋ እመለስበታለሁ።

አንደኛ፦ መደበኛው የመግቢያ ኮርስ

አቅርቦትና ፍላጎት፣ የገበያ ሚዛን (ገዢዎች ሊገዙ የሚፈልጉትና ሻጮች ሊሸጡ የሚፈልጉት መጠን እኩል የሚሆንበት ዋጋ)፣ ግራፍ፣ ከዚያ የዋጋ ንረትና ሥራ አጥነት። አብዛኛው ተማሪ ኢኮኖሚክስን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው።

ይህን ኮርስ ማጣጣል ፋሽን ሆኗል። እኔ አልስማማም። ሞዴል (በታሳቢዎች ላይ ቆሞ እውነታውን አቅልሎ የሚያሳይ ሥዕል) ትልቅ ጥቅም አለው፦ ታሳቢያችሁን አፍ አውጥታችሁ እንድትናገሩ ያስገድዳችኋል። «ሌላው ሁሉ ባለበት ሲቀር» የምትለዋ ሐረግ በደንብ ከገባችሁ ግማሹን የጋዜጣ ክርክር መመርመር ትችላላችሁ።

ይህን አነጋገር ተመልከቱ። «መንግሥት በአንድ ዕቃ ላይ ግብር ጣለ። ዋጋው ጨመረ። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል። ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ዋጋው ተመልሶ እዚያው ነው።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሲነበብ እውነት ይመስላል። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ የት ነው?

«ፍላጎት» የሚለው ቃል መሃል ላይ ትርጉሙን ቀይሯል። መጀመሪያ ላይ ሰዎች በዚያ ዋጋ የሚገዙት መጠን ማለት ነበር፤ ይህ በዚያው የፍላጎት መስመር (በየዋጋው ስንት እንደሚገዛ በሚያሳየው የግራፍ መስመር) ላይ ወደ ላይ መሄድ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን መስመሩ ራሱ ቦታ እንደቀየረ ተደርጎ ተወሰደ። ግብሩ ግን የገዢዎቹን መስመር ከቦታው አላነቃነቀውም። በአማርኛ ሁለቱንም «ፍላጎት» ስለምንላቸው ወጥመዱ በቀላሉ ይይዘናል። ይህን ስህተት ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በዚያች ደቂቃ በደንብ አስባችኋል።

ችግሩ አብዛኛው የመግቢያ ኮርስ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። «ግብር ሲጣል መስመሩ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቀስት ያስመርጣል። ክፍሉ ትልቅ ነው፣ አራሚ የለም፣ ጊዜ የለም። ሞዴሉ ታሳቢዎቹን እንድትመረምሩ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ታሳቢዎቹን ሳያላምጥ ይውጣቸዋል። ሞዴሉ የማይሠራበትን ሁኔታ የሚያሳይ ሳምንት ከሌለው ኮርሱ ግማሽ ነው።

ሁለተኛ፦ ለብቻው የሚሰጥ የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ

እዚህ የመከራከሪያ አወቃቀር ትማራላችሁ። መነሻው የቱ ነው፣ መደምደሚያው የቱ ነው፣ አንዱ ከሌላው ይከተላል ወይ? የተለመዱ ስህተቶችም ስም በስም ይዘረዘራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ወርቅ ናቸው። ለአንድ ሰው የሚበጀው ለሁሉም ይበጃል ብሎ ማሰብን ውሰዱ። ስታዲየም ውስጥ አንድ ሰው ቢቆም የተሻለ ያያል። ሁሉም ቢቆሙ ማንም የተሻለ አያይም፤ እግር ብቻ ነው የሚደክመው። አንድ ቤተሰብ ቁጠባውን ቢጨምር ይጠነክራል። በቀዘቀዘ ኢኮኖሚ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጪውን ቢቀንስ ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ ገቢ ሁሉ ሊወርድ ይችላል።

ሮበርት ኤኒስ የተባሉ ምሁር በ1989 የሂሳዊ አስተሳሰብን አሰጣጥ በአራት ከፈሉት። አንደኛው ለብቻው በተለየ ኮርስ ማስተማር ነው። ሁለተኛው በትምህርቱ ውስጥ አስገብቶ፣ የአስተሳሰብ ሕጎቹንም በግልጽ እየጠሩ ማስተማር። ሦስተኛው ትምህርቱን በጥልቀት አስተምሮ አስተሳሰቡ በራሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ። አራተኛው ቅይጥ ነው፤ ለብቻውም በትምህርቱ ውስጥም። በ2008 ፊሊፕ አብራሚና ባልደረቦቹ 117 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ከፍተኛው ውጤት የተገኘው በቅይጡ ነበር። ዝቅተኛው ደግሞ «በራሱ ይመጣል» የሚለው።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ሎጂክ ብቻውን ወስዳችሁ አትቀመጡ። ኢኮኖሚክስ ብቻውን ያሰለጥነኛል ብላችሁም አትጠብቁ። ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን መውሰድ ከቻላችሁ፣ በአንዱ የተማራችሁትን በሌላው ላይ ትሞክራላችሁ።

የሎጂክ ኮርስ አደጋ ሌላ ነው። ተማሪው የስህተት ስሞችን ይይዝና ሰው ላይ መለጠፍ ይጀምራል። የስህተቱን ስም መጥራት ክርክሩን መመለስ አይደለም።

ሦስተኛ፦ የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ታሪክ

ብዙዎች «ለሥራ አይጠቅምም» ብለው የሚያልፉት ኮርስ ነው። በጥሩ መምህር እጅ ግን ከሁሉ የበለጠ ዓይን ይከፍታል።

አዳም ስሚዝን እንውሰድ። «የማይታየው እጅ» (እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም ሲፈልግ ሳያስበው ሌላውንም ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ) ሲባል ያልሰማ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የለም። ሰውየው በ1776 ባሳተመው «የሕዝቦች ሀብት» በተባለው ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሐረጉ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ከውጭ ይልቅ በአገር ውስጥ ማዋል ስለሚመርጡበት ምክንያት ሲናገር።

የስፒል ፋብሪካውንም ተመልከቱ። ስሚዝ ሥራው ሲከፋፈል 10 ሠራተኞች በቀን ከ48,000 በላይ ስፒል ሊሠሩ እንደቻሉ ይተርካል። ይህች ምሳሌ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ስለሆነች በየመማሪያው ትጠቀሳለች። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ክፍል ግን ስሚዝ ራሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሦስት ቀላል ድርጊቶችን ብቻ ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ ይጽፋል። መንግሥትም በትምህርት ጣልቃ እንዲገባ ይመክራል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሰውየው ራሱን ተቃረነ ወይስ የአንድን ነገር ሁለት ገጽታ አየ?» ብሎ መጻፍ ጥሩ የአስተሳሰብ ሥራ ነው።

ይህ የሚሆነው ግን ዋናውን ጽሑፍ ካነበባችሁ ነው። ኮርሱ «ማን፣ መቼ፣ ምን አለ» በሚል ሃንድአውት ከተሰጠ ከሁሉም የባሰ የሽምደዳ ኮርስ ይሆናል። ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ዋናውን ጽሑፍ ነው የምናነበው ወይስ ማጠቃለያውን?

ንባቡ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የድሮ አጻጻፍ ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ ይከብዳል። ሒሳብ ግን አይጠይቅም። የቆዩት መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ።

አራተኛ፦ ዳታና ኢኮኖሜትሪክስ

አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስቀድም።

በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶች፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ እንደሚወርድ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። በእነሱ ስሌት የከፍተኛ ዕዳ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነበር። ፖለቲከኞች ጽሑፉን እየጠቀሱ የበጀት ቅነሳን ተከራከሩበት።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ቶማስ ሄርንደን የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። የተሰጠው አሳይንመንት አንድ የታተመ ጥናት መርጦ ውጤቱን እንደገና ማውጣት ነው። ይህንኑ ጽሑፍ መረጠ። ሞከረ፤ ቁጥሩ አልመጣለትም። ደግሞ ሞከረ። መጨረሻ ላይ ለጸሐፊዎቹ ጻፈላቸው። እነሱም የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩለት። ሲከፍተው አማካዩን የሚያወጣው ቀመር አምስት አገሮችን ዘሏል፦ አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ።

ወሬው ሁሉ ስለ ኤክሴሉ ሆነ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የበለጠ የሚያስተምረው ሌላኛው ነው። በስሌቱ ውስጥ ብሪታንያ በከፍተኛ ዕዳ 19 ዓመት አሳልፋለች፤ አማካይ ዕድገቷ 2.4 በመቶ ነው። ኒውዚላንድ የተቆጠረላት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዕድገቷ ከዜሮ በታች 7.6 በመቶ። ሁለቱ አገሮች እኩል ክብደት ተሰጣቸው። የኒውዚላንድ አንድ ዓመት ከብሪታንያ 19 ዓመት ጋር እኩል መዘነ። ሌሎች የኒውዚላንድ ዓመታት ደግሞ ከስሌቱ ወጥተው ነበር። ሄርንደንና ሁለት መምህራኑ በ2013 እንደገና ሲያሰሉት አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ። ጸሐፊዎቹ የኤክሴሉን ስህተት አመኑ። ስለ ክብደት አሰጣጡ ግን ተሟገቱ።

እዚህ ላይ ነው ዳታ የሚያስተምረው። የኤክሴል ስህተት ታርሞ ያልቃል። «እያንዳንዱን አገር ወይስ እያንዳንዱን ዓመት እኩል ልቁጠር?» የሚለው ግን የፍርድ ጥያቄ ነው። መልስ ወረቀት የለውም። ምክንያት ሰጥታችሁ መቆም አለባችሁ።

ሌላም አለ። በኤፕሪል 1992 በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አለ። የመግቢያው ሞዴል የደመወዝ ወለል ሲጨምር ሥራ ይቀንሳል ይላል። ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር በኒው ጀርሲና በአጎራባቿ ፔንሲልቬኒያ ምሥራቃዊ ክፍል 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ሥራ መቀነሱን የሚያሳይ ነገር አላገኘንም አሉ። ዴቪድ ኒውማርክና ዊልያም ዋሸር የደመወዝ መዝገብ አምጥተው ተከራከሯቸው። እነ ካርድም በሌላ ዳታ መለሱ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ክርክሩ አሁንም አለ። ተማሪ ሁለቱን ወገኖች አንብቦ «ልዩነታቸው ከየት መጣ? ከዳታው ነው ወይስ ከዘዴው?» ብሎ ቢጽፍ፣ ከአሥር ፈተና የበለጠ ይማርበታል ብዬ አምናለሁ።

ኢኮኖሜትሪክስ ግን እንደ ምግብ አዘገጃጀት መመሪያ ሊሰጥም ይችላል። ይህን ቁልፍ ተጫን፣ ያን ሠንጠረዥ ቅዳ፣ ኮከብ ያለበትን «ሲግኒፊካንት ነው» (በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም) በል። ተማሪው ሶፍትዌሩን ያውቃል፤ ጥያቄውን አያውቅም። ብዙ ፖሊስ ያለባቸው ከተሞች ብዙ ወንጀል አለባቸው ሲባል፣ ፖሊስ ወንጀል አመጣ ወይስ ወንጀል ፖሊስ አመጣ ብሎ ያላሰበ ሰው የቱም ሶፍትዌር አያድነውም። የአንድ ጥናት ውጤት እንደገና የማውጣት ሥራ ያለበትን ክፍል ፈልጉ።

ስታቲስቲክስ ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሰዓቱም ከባድ ነው፤ ዳታ ማጽዳት ብቻውን ቀናት ይበላል። ገንዘብ ግን አያስፈራችሁ። አር፣ ፓይተንና ግሬትል የተባሉት የዳታ ሶፍትዌሮች በነፃ ይጫናሉ። የዓለም ባንክም ከ2010 ጀምሮ ዳታውን ለሁሉም በነፃ ከፍቷል።

አምስተኛ፦ በክፍል ውስጥ የሚሠሩ የገበያ ሙከራዎች

ተማሪዎች ገዢና ሻጭ ሆነው ይጫወታሉ፤ ከዚያ የሆነውን ይተነትናሉ። በ1940ዎቹ ኤድዋርድ ቻምበርሊን በሃርቫርድ ይህን ሞክሮ ነበር። ተማሪዎቹ እየተዘዋወሩ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራደሩ። ዋጋው መጽሐፉ ወደሚለው ሚዛን አልደረሰም። ቻምበርሊን ውጤቱን በ1948 አሳተመ።

ከዚያ በኋላ ቻምበርሊን ሙከራውን በክፍሉ ሲደግመው ከተጫወቱት አንዱ ቨርነን ስሚዝ የሚባል ተማሪ ነበር። ነገሩ በውስጡ ሲብላላ ቆየ። በ1956 ራሱ መምህር ሆኖ ሙከራውን ደገመው። ሕጉን ግን ቀየረ። ዋጋ የሚጠራው ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ ሆነ፤ ጨዋታውም ለበርካታ ዙር ተደገመ። ዋጋው በፍጥነት ወደ ሚዛኑ ቀረበ። ስሚዝ ለሙከራ ሥራው በ2002 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ።

«ገበያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ መከራከር ቀላል ነው። ሁለቱን ሙከራዎች ያየ ተማሪ ግን «በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

የዚህ አማራጭ ደካማ ጎን ግልጽ ነው። ጨዋታው አስደሳች ስለሆነ ትንተናው ይረሳል። ከመጫወታችሁ በፊት የምትጠብቁትን ውጤት በጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ፣ በኋላ «አውቀው ነበር» ማለት ማንም አይሳነውም። ለብቻው እንደ ኮርስም ብዙ ቦታ አይሰጥም። ጓደኞች ተሰብስበው በካርድና በወረቀት ሊሠሩት ግን ይችላሉ።

ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የምታስረክቡት | ስህተታችሁን የሚያሳያችሁ | የሒሳብ ዝግጅት | የሚወስደው ሰዓት | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመግቢያ ኮርስ | ባብዛኛው ፈተና | የመልስ ወረቀት | መጠነኛ | መካከለኛ | ታሳቢን ሳይጠይቁ መዋጥ |
| ሎጂክ ለብቻው | ፈተናና አጭር ትንተና | የመከራከሪያው ሕግ | አያስፈልግም | ዝቅተኛ | የስህተት ስም መለጠፍ |
| የአስተሳሰብ ታሪክ | ድርሰት | ዋናው ጽሑፍ | አያስፈልግም | ከፍተኛ ንባብ | ስምና ዓመት መሸምደድ |
| ዳታና ኢኮኖሜትሪክስ | የዳታ ሥራና ሪፖርት | ዳታው፣ የሌሎች ውጤት | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ቁልፍ መጫንን እንደ ማሰብ መቁጠር |
| የገበያ ሙከራ | ትንበያና ትንተና | የተጫዋቾች ድርጊት | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ጨዋታው ትንተናውን መዋጥ |

ሠንጠረዡ የተለመደውን ነው የሚያሳየው። የእናንተ መምህር ከዚህ ሊለዩ ይችላሉ፤ በበጎም በክፉም።

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

*አንደኛ ዓመት ከሆናችሁና ምርጫ ከሌላችሁ።* የመግቢያው ኮርስ ግዴታ ነው። ቁም ነገሩ እንዴት እንደምትወስዱት ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ገጽ ደብተር ያዙ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ታሳቢዎቹ፣ ከታሳቢዎቹ አንዱ ቢወድቅ ምን እንደሚቀየር፣ እና ከዚያ ሳምንት ዜና አንድ ምሳሌ። ከተቻለ ሎጂክን በዚያው ሴሚስተር አብራችሁ ውሰዱ።

*ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ከሆነ።* የአስተሳሰብ ታሪክና ሎጂክ ጥሩ ጥምረት ናቸው። ዳታን ግን ጨርሳችሁ አትሽሹ። መሠረታዊ ስታቲስቲክስ የሌለው ሰው በቁጥር ለሚመጣበት ክርክር እጁን ይሰጣል። ቢያንስ የአንድን ሠንጠረዥ አማካይ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የምትችሉበት ደረጃ ድረስ ሂዱ።

*ሒሳብ የሚቀላችሁ ከሆነ።* አደጋችሁ ተቃራኒው ነው። ቀመር ስለሠራችሁ ያሰባችሁ ይመስላችኋል። የአስተሳሰብ ታሪክን ወይም ብዙ ጽሑፍ የሚጠይቅ ኮርስ አንድ ጨምሩ። መልሱን በቃላት፣ ያለ ግራፍና ያለ ቀመር፣ ኢኮኖሚክስ ላልተማረ ዘመዳችሁ አስረዱ። እዚያ ከተንተባተባችሁ አልገባችሁም።

*ውጤታችሁ ስኮላርሺፓችሁን የሚወስን ከሆነ።* በአንድ ሴሚስተር ከአንድ በላይ ከባድ የጽሑፍ ወይም የዳታ ኮርስ አትደራርቡ። አንዱን ከባድ ከሁለት ቀለል ካሉ ጋር አጣምሩ። ፈተና ላይ መምህሩ የሚፈልጉትን መልሱ፤ ጥያቄዎቻችሁን ደብተራችሁ ላይ አቆዩ። ይህ ማስመሰል አይደለም። የአንድን ሞዴል መልስ በትክክል ማወቅ ሞዴሉን ለመሞገት የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

*ገንዘብ ከሌላችሁ።* ኮር ኢኮን የተባለው የኢኮኖሚስቶች ስብስብ የመግቢያ መጽሐፉን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ከታሪክና ከዳታ ስለሚነሳ ከተለመደው መማሪያ ይለያል። የማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂም የኮርስ ማስታወሻዎቹንና ፈተናዎቹን በኦፕን ኮርስዌር በነፃ አስቀምጧል። በራስ ጥናት የሚጎድለው መጽሐፍ ሳይሆን ሞጋች ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆናችሁ ቡድን አቋቁሙ። በየሳምንቱ አንዱ አንድ ገጽ መከራከሪያ ይጻፍ። ሌሎቹ መጀመሪያ የእሱን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ደግመው ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይቃወሙ። ይህች ሕግ ስትከበር የቡድኑ መንፈስ ይቀየራል።

ቻትቦት የምትጠቀሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ መከራከሪያችሁን ራሳችሁ ጻፉ። ከዚያ «የዚህን ጽሑፍ ደካማ ታሳቢ አሳየኝ» በሉት። መልሱንም ከምንጭ ጋር አመሳክሩ። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ያሰበው እሱ ነው፤ እናንተ ቀድታችኋል።

*ጥናት ለመሥራት ወይም ለፖሊሲ ሥራ የምታስቡ ከሆነ።* ዳታው ግዴታ ነው። ግን ብቻውን አትውሰዱት። የእኔ ምርጫ ቢጠየቅ፦ መጀመሪያ የመግቢያው ኮርስ ከሎጂክ ጋር፣ ቀጥሎ ስታቲስቲክስ፣ ከዚያ ኢኮኖሜትሪክስና የአስተሳሰብ ታሪክ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ከመስካችሁ አንድ የታተመ ጥናት ውሰዱና ልክ እንደ ሄርንደን ቁጥሩን እንደገና ለማውጣት ሞክሩ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ቁጥሩ ቢመጣላችሁ ዘዴውን ተምራችኋል። ካልመጣላችሁ የመመረቂያ ርዕስ አገኛችሁ ማለት ነው።

መወሰን ካቃታችሁ፣ ኮርስ መጨመርና መጣል በሚፈቀድበት ጊዜ ውስጥ መምህሩ ጋ ሂዱና በትህትና ሁለት ነገር ጠይቁ። የአምናውን ፋይናል ማየት ይቻላል ወይ? በጣም ጥሩ የተባለ የአንድ ተማሪ ሥራስ፣ ስሙ ተሸፍኖ ቢሆንም ማየት ይቻላል ወይ? ፈተናው ላይ «ለምን?» እና «ምን ቢሆን ሐሳብህን ትቀይራለህ?» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ካሉ ተመዝገቡ። ሁሉም «የሚከተሉትን ዘርዝር» ከሆነ ሌላ ክፍል ፈልጉ፤ ሌላ ክፍል ከሌለ ደግሞ ያችን የሦስት አራት ሰው ቡድን በዚያው ሳምንት ጀምሩ።